አምባዛ፣ ሽንኩርትና ድንች፦ የአልጀብራዬ ስድስተኛ ሳምንት

ሰላም የጥናት ጓዶቼ። በዚህ ሳምንት ጊዜዬ ያለቀው ስሌት ላይ ሳይሆን ጥያቄውን ማንበብ ላይ ነው።

ቅዳሜ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ነበርኩ። የዓሣ ሾርባዬ እስኪመጣ ደብተሬን አወጣሁና ለራሴ ጥያቄ ሠራሁ። አንዱ ቆሮሶ 60 ብር፣ አንዱ አምባዛ 150 ብር ቢሆን (ዋጋውን ለስሌት እንዲመቸኝ ራሴ ነኝ ያወጣሁት)፣ በ870 ብር 10 ዓሣ የገዛ ሰው ስንት አምባዛ ይዟል?

«አ = አምባዛ» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥዬ 150ንና 60ን ደመርኩና 870ን ለ210 አካፈልኩ። አራት ነጥብ ምናምን መጣ። እንዲያ ማካፈል ሁለቱም ዓሦች በብዛት እኩል ናቸው እንደማለት ነው፤ ጥያቄው ግን እንዲህ አላለም። ብዙ ካየሁት በኋላ ነው የገባኝ። አ ዓሣው አይደለም፤ የዓሣው ብዛት ነው። ቁጥር ነው! «አ = የአምባዛ ብዛት» ብዬ ሙሉውን ስጽፍ የቆሮሶውም ብዛት ወዲያው ታየኝ፤ 10 − አ።

150አ + 60(10 − አ) = 870
90አ + 600 = 870
90አ = 270
አ = 3

ሦስት አምባዛ 450፣ ሰባት ቆሮሶ 420። ሲደመር 870። ሾርባው ቀዝቅዞ ቢጠብቀኝም ደስ እያለኝ ጠጣሁት።

ሌላው ያስቸገረኝ ይሄ ነው። «ከሽንኩርት ይልቅ ድንች በኪሎ 15 ብር ይረክሳል። 2 ኪሎ ሽንኩርትና 3 ኪሎ ድንች 205 ብር ነው።» ሽንኩርት ቀድሞ ስለተጠራ እጄ ሽ = ድ − 15 ብሎ ጀመረ። ይሄ ደግሞ ሽንኩርቱን ነው የሚያረክሰው። አሁን ሁሌ መጀመሪያ «ውዱ የቱ ነው?» እላለሁ። ሽ የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ ከሆነ፣ የአንድ ኪሎ ድንች ዋጋ ሽ − 15 ነው።

2ሽ + 3(ሽ − 15) = 205
5ሽ − 45 = 205

እዚህ ጋ አንድ የወደድኩትን ነገር ላካፍላችሁ። አልጀብራ የሚለው ስም የመጣው የሒሳብ ሊቁ አል-ኽዋሪዝሚ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ሆኖ ከጻፈው መጽሐፍ ርዕስ ነው። «አል-ጀብር» በዓረብኛ የተሰበረን ጠግኖ ወደ ቦታው መመለስ ነው። የወጌሻ ሥራ በሉት። እኔ ልጅ ሆኜ «ቁጥሩን አሻግር፣ ምልክቱን ቀይር» ተብዬ ነው የተማርኩት፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ለካ 5ሽ ላይ 45 ጎድሏል። በሁለቱም በኩል 45 ስንመልስ ይጠገናል። 5ሽ = 250፤ ሽንኩርት 50፣ ድንች 35። ኪሎውን አባዝታችሁ ደምሩት፣ 205 ይመጣል።

ከነገ ወደ ፍጥነት ጥያቄ እገባለሁ። እናንተም ሞክሩት፦ ከሐዋሳ ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። አንድ ባጃጅ ከዚህ በሰዓት 40፣ ሌላው ከዚያ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር እየነዱ እኩል ቢነሱ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ይገናኛሉ? ፊደላችሁ የምን ቁጥር እንደሆነ ጽፋችሁ ላኩልኝ።