ስድስት ከሃያ

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የሕዝብ ሃይስኩል እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ካረምኳቸው ወረቀቶች ከአእምሮዬ ያልወጣ አንድ አለ። ከላዩ ላይ በእኔ እጅ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ስድስት ከሃያ ተብሎ ተጽፎበታል።

ፈተናው ፍሬድሪክ ዳግላስ በባርነት ስላሳለፈው ሕይወት ራሱ በጻፈውና በ1845 ቦስተን ላይ በታተመው ግለ ታሪክ ላይ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩ ለእኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም። ዳግላስ የተወለደው እዚሁ ሜሪላንድ፣ ታልቦት ካውንቲ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ የቼሳፒክን ድልድይ የተሻገረ ሰው መንገዱ ካልተጨናነቀ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የዳግላስ አገር ይደርሳል። ተማሪዎቼ ውስጥ የሐበሻ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ቅዳሜና እሁድ ከቤተሰቦቻቸው ጋር ወደ ባሕር ሲሄዱ በዚያው መንገድ ያልፋሉ።

የአስራ አንደኛ ክፍል መምህራን ፈተናውንም የማረሚያ መስፈርቱንም በጋራ ነው የምናወጣው። ከመጽሐፉ አምስት አንቀጾች ይመረጣሉ፤ ተማሪው ጸሐፊው አንባቢውን ለማሳመን የተጠቀመበትን ስልት ለይቶ ያብራራል። የተናጋሪው ተአማኒነት ከሆነ ኢቶስ፣ ስሜት መቀስቀስ ከሆነ ፓቶስ፣ በማስረጃና በምክንያት ማሳመን ከሆነ ሎጎስ። ስልቱን በስሙ ያልጠራ ተማሪ ግማሹን ነጥብ እንኳ አያገኝም።

ከአምስቱ አንዱ ዳግላስ ስለ ልጅነቱ ብርድ የሚናገርበት ነው። በእርሻው ላይ ለሚያድጉ ልጆች በዓመት የሚሰጠው ሁለት ሸካራ ሸሚዝ ብቻ ነበር፤ ሱሪ የለም፣ ጫማ የለም። አልጋም ብርድ ልብስም ስላልነበረው በቆሎ ወደ ወፍጮ የሚወሰድበትን ጆንያ እየሰረቀ፣ ጭንቅላቱን ከውስጥ አግብቶ እግሩን ከውጭ ትቶ፣ ቀዝቃዛና እርጥብ ወለል ላይ ይተኛ ነበር። እግሬ በውርጭ ከመሰነጣጠቁ የተነሳ፣ ይላል፣ አሁን የምጽፍበትን ብዕር ስንጥቁ ውስጥ ማጋደም ይቻላል።

ተማሪዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም "ፓቶስ፤ እንድናዝንለት ነው" ብለው ጻፉ። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋቸው። ከጎጃም ከመጣች ሁለተኛ ዓመቷን የያዘች አንዲት ልጅ ግን የስልት ስም የሚባል ነገር አልጻፈችም። ባልጠና እንግሊዝኛ፣ "ብዕሩን ያመጣው መለኪያ እንዲሆነው ነው። እግሩና ብዕሩ የአንድ ሰው ናቸው" ብላለች። ሌሎቹንም በዚሁ መንገድ ነው የመለሰችው። ጎኑ ላይ "የትኛው ስልት? ስሙን ጥቀሺ" ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው ወረቀት አለፍኩ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት መጣች። በር ላይ ቆማ ትንሽ አመነታች።

"ቲቸር፣ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?"

"ግቢ፣ ጠይቂ።"

ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። "ስሙ ጠፍቶኝ አይደለም። ፓቶስን አውቀዋለሁ። ግን ሰውዬው እዚህ ጋ የሚለምን አልመሰለኝም። የሚሟገት ነው የመሰለኝ።"

እንድታብራራልኝ ጠየቅኋት። አያቷ በወጣትነታቸው የመሬት ክርክር ነበረባቸው። ማታ ማታ ዘንጋቸውን ይዘው እየቆሙ፣ የጥንቱን በላ ልበልሃ ለልጅ ልጆቻቸው እያስመሰሉ ያሳዩ ነበር። "ስም የማይጠራ ተሟጋች አያሸንፍም ይሉናል። ድንበሩ የቱ ዋርካ ሥር ነው? ማን ቆሞ አየ? ስንት ክንድ ነው? ይሄ ሰውዬም እንደዚያ ነው። እግሬ ተሰነጠቀ ማንም ይላል። ዳኛው 'ምን ያህል ተሰነጠቀ?' ቢለውስ? ይሄን ያህል፤ ይኸው ብዕሩ።" ይህን እያለች ቀዩን እስክሪብቶዬን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና በመዳፏ መካከል ባለው መስመር ላይ አጋደመችው።

እስክሪብቶው እዚያ ተጋድሞ ሳየው የምመልሰው ጠፋኝ። ልጅቷ ከገጹ ላይ ብቻ አንብባ የደረሰችበት ነገር በታሪክም የተረጋገጠ ነው። እኔ ደግሞ ያንን ታሪክ አውቀዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን በአንድ ስላይድ አሳይቼ፣ ከዚያ በኋላ ረስቼው ስልት ወደ ማስቆጠር ገብቼ ነበር።

ዳግላስ ያመለጠው በ1838 ነው። ከ1841 ጀምሮ በፀረ ባርነት ስብሰባዎች ላይ እየተነሳ ይናገር ነበር። ንግግሩ እየበሰለ ሲሄድ ሰዎች መጠራጠር ጀመሩ። እንዲህ የሚናገር ሰው ባሪያ ሊሆን አይችልም፤ የት እንደነበር አይናገር፣ የጌታውን ስም አይጠራ። የራሱ ወገኖች እንኳ አነጋገርህ ውስጥ ትንሽ የእርሻውን ለዛ ብትተው ይሻላል ብለው ይመክሩት ነበር። መጽሐፉ ለዚያ ጥርጣሬ የቀረበ መልስ ነው። ርዕሱ ሥር "በራሱ የተጻፈ" የሚል አለበት። ከፊቱ የዊልያም ሎይድ ጋሪሰን መቅድምና የዌንደል ፊሊፕስ ደብዳቤ ገብተዋል፤ ሁለቱም የታወቁ ነጮች ናቸው፣ በእኛ አነጋገር ዋስ ናቸው። ፊሊፕስ በደብዳቤው ላይ፣ እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ጽሑፉን እሳት ውስጥ እጥለው ነበር ይለዋል። የሚለው ዝም ብሎ አይደለም፤ ዳግላስ ጌቶቹን እነ ቶማስ ኦልድንና ሂዩ ኦልድን፣ ገራፊውን ኮቪን፣ ሰው የገደለውን ጎርን በስም ጠርቷል። ራሱ ገና በሕግ ዓይን የሰው ንብረት ሳለ፣ ለአሳዳጆቹ አድራሻውን እንደ መስጠት ነበር። መጽሐፉ በወጣበት ዓመት ክረምት ባሕር ተሻግሮ ወደ አየርላንድና እንግሊዝ ሄደ። በ1846 ወዳጆቹ 150 ፓውንድ አዋጥተው ነጻነቱን ገዙለት።

የምስክርነትን ዋጋ ይህን ያህል የከፈለን ሰው "እንድናዝንለት ነው" ብሎ ማለፍ በደል ነው። በደሉን ደግሞ ሙሉ ነጥብ እየሰጠሁ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

በሚቀጥለው ቀን ክፍሉን ይቅርታ ጠየቅሁና ሰሌዳውን ለሁለት ከፈልኩት። በአንድ በኩል ዳግላስ የጠራቸው ስሞች፣ በሌላ በኩል ሆን ብሎ የደበቃቸው። ልጆቹ መጽሐፉን መልሰው አገላበጡ። ከጠራቸው ብዙዎቹ የመቱ፣ የሸጡ፣ የገደሉ ናቸው። የደበቃቸው ደግ የዋሉለት ናቸው። ባልቲሞር ውስጥ እሱ ከቤት ዳቦ ይዞ እየወጣ፣ ለተራቡ የነጭ ልጆች እየሰጠ በምትኩ ፊደል ያስቆጥሩት ነበር። ልጆቹ የሚኖሩበትን መንገድ፣ ፊልፖት ስትሪት፣ ይነግረናል፤ ስማቸውን ግን አይናገርም፣ ባሪያን ማንበብ ማስተማር በዚያ አገር ይቅር የማይባል ጥፋት ነበርና። ያመለጠበትን መንገድም ለሌሎች እንዳይዘጋ ብሎ ዘለለው። አንድ ልጅ ከኋላ ወንበር፣ "ሚስጥር መጠበቅ የሚችል ሰው ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ የተናገረውን አምነዋለሁ" አለ። ይህን ኢቶስ በሚባል ቃል ብቻ መጻፍ ምን ያህል እንደሚያሳንሰው ያን ጊዜ ገባኝ።

ስለ ዘፈኑም አነሳን። ዳግላስ ወደ ሰሜን ከመጣ በኋላ ባሮች ሲዘፍኑ ሰምተው "ደስተኞች ናቸው" የሚሉ ሰዎች አጋጥመውት በጣም ይገረማል። እንጉርጉሮን ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ዴላዌር ውስጥ አንድ ሰው የዳግላስን ጌቶች ለመከላከል ጋዜጣ ላይ ጻፈ። ያን ሰው ፍሬድሪክ ቤይሊ በሚባልበት ጊዜ አውቀዋለሁ፣ ያልተማረ ተራ ሰው ነበር፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሊጽፍ አይችልም አለ። ዳግላስ በጽሑፍ አመሰገነው፤ ባሪያ እንደነበርኩ ስለመሰከርክልኝ ብሎ። ይህን ስነግራቸው ልጅቷ ሳቀችና በአማርኛ "በራሱ አፍ!" አለች።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ከልጅቷ ጋር በአማርኛ ስንነጋገር "ባሪያ" የሚለው ቃል አፌ ላይ ይከብደኝ ነበር። በእኛም አገር ባርነት በአዋጅ የተከለከለው በ1942 ነው፤ እኔ ሳድግ ደግሞ ቃሉ ስድብ ነበር፣ ዛሬም ነው። ዳግላስ ኮቪን ስለታገለበት ቀን ከመተረኩ በፊት የሚላትን ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ ስንመልሳት፣ "ሰው እንዴት ባሪያ እንደተደረገ አያችሁ፤ ባሪያ እንዴት ሰው እንደሆነ ደግሞ ታያላችሁ" ሆነች። ልጅቷ "ተደረገ" የሚለው ላይ ጣቷን አሳረፈች። "አድራጊ አለው" አለችኝ።

ፈተናውን እንደገና አረምኩት፤ የእሷን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም። "ፓቶስ" ብለው ብቻ ያለፉት ልጆች ነጥባቸው ዝቅ ሲል ቅር አላቸው፤ ስህተቱ የእኔ ስለሆነ ሁለተኛ ዕድል ሰጠኋቸው። መስፈርቱ እንዲቀየር ስብሰባ ላይ ሳነሳ አንዲት ባልደረባዬ ተቃወመችኝ። ወደፊት የሚገጥማቸው ፈተና ስሞቹን ሊጠይቅ ይችላል፣ ያልተማሩትን ነገር እዚያ ሄደው ከየት ያመጡታል? አለች። እውነቷን ነው፤ እንግሊዝኛው ገና ያልጠናለት ልጅ ስሙን ካላወቀ በሌላው ይቀደማል። ስሞቹ ቀሩ፤ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ "ይህን አንቀጽ የማያምን ሰው ምን ይላል? ጸሐፊውስ ምን ብሎ መለሰለት?" ሆነ። ስሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ልጅቷ ቅዳሜ ለአያቷ ደውላ መጽሐፉን ተረከችላቸው። ሰኞ ጠዋት መጥታ የጠየቋትን ነገረችኝ። ጆንያውንም እግሩንም በዝምታ ሰምተው ሲያበቁ፣ "ከሳሹንም ተከሳሹንም ሰማሁ። ዳኛው ማነው?" ብለዋታል።

ጥያቄያቸውን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። ክፍሉ መጀመሪያ "አንባቢው" አለ። የትኛው አንባቢ? ስንል ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ሄድን። ዳግላስ እዚያ ሃይማኖት ጠል እንዳይባል ይሰጋና፣ የክርስቶስን ክርስትና ከባሪያ ጌቶች ክርስትና ይለያል። ሳምንቱን ሙሉ በደም የረጋ አለንጋ ይዞ የሚውለው ሰው እሁድ መድረክ ላይ ቆሞ ይሰብካል ይላል። እንግዲህ ዳኛው ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ፣ ወሬውን የሰማ፣ ግን ገና ያልፈረደ የሰሜን ሰው ነው ተባባልን።

ልጅቷ በዚህ መሀል የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ ነበር። እጇን አወጣች። ከታች "ፍሬድሪክ ዳግላስ፤ ሊን፣ ማሳቹሴትስ፣ ኤፕሪል 28 ቀን 1845" ይላል።

"ቲቸር፣" አለች፣ "ፈርሟል።"