የገና ዕለት ከሜሪ ሉ ዊሊያምስ ጋር

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ሽንኩርቱ ምድጃ ላይ እየተቁላላ ነው። እኔም በመሃል በመሃል ወጣ እያልኩ ይቺን እጽፍላችኋለሁ። ቤቱን የሞላው የፒያኖ ድምፅ ነው። ከበሮ የለም፣ ቤዝ የለም፣ ጥሩንባ የለም። አሜሪካዊቷ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ሜሪ ሉ ዊሊያምስ ብቻዋን ናት።

ልጆች ሳለን በገና ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እናታችን አሰልፋን ዘመድ ጥየቃ እንወጣ ነበር። ከታላላቆቹ እንጀምራለን። ጉልበት ስመን፣ ቀምሰን፣ ተመርቀን ወደሚቀጥለው ቤት። ሜሪ ሉ እ.ኤ.አ. በ1978 ስዊዘርላንድ፣ ሞንትሩ ላይ ብቻዋን ያቀረበችውን ኮንሰርት ስሰማ ያ ቀን ትዝ ይለኛል። 68 ዓመቷ ነበር። ከፒያኖው ወንበር ሳትነሳ ታላላቆቿን በየቤታቸው ትጠይቃለች።

የመጀመሪያው ቤት ጸሎት ቤት ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ከባርነት ዘመን ይዘውት የመጡት ዓይነት መዝሙር። ቀጥሎ ራግታይም፤ ግራ እጅ እንደ ሰልፈኛ እኩል ይረግጣል፣ ቀኝ እጅ ከምቱ እያፈነገጠ ይጫወታል። ከዚያ ዝግ ያለ ብሉዝ። ከዚያ ቡጊ-ውጊ፤ ግራ እጇ አንዷን የቤዝ ሐረግ ሳይታክት ሲደጋግም ቤቱ ይሞቃል።

ስትራይድ የሚባለውን አጨዋወት ሳስብ ደግሞ ልቤ ኒው ዮርክ ውስጥ ወዳለው የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር፣ ወደ ሃርለም ይሄዳል። በ1920ዎቹ እዚያ የቤት ኪራይ ያጠረው ሰው ድግስ ይደግሳል። ጎረቤቱ በር ላይ ትንሽ ከፍሎ ይገባል፣ ይበላል፣ ይጨፍራል፤ በተሰበሰበው ብር ኪራዩ ይከፈላል። እቁብና እድር ላሳደገን ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም። ፒያኖ ተጫዋቹ ብቻውን ባንድ መሆን አለበት። ግራ እጁ ታች ያለውን ወፍራም ድምፅ መትቶ መሃል ወዳለው ኮርድ (አብረው ወደሚመቱ ድምፆች) ይዘላል፣ ደግሞ ይመለሳል። ሌሊቱን ሙሉ! ጄምስ ፒ. ጆንሰንና ፋትስ ዋለር እንዲህ ባሉ ቤቶች ተጫውተዋል።

ሜሪ ሉ በ1910 አትላንታ ተወለደች፤ ያደገችው ፒትስበርግ ነው። እናቷ ኦርጋን ስትጫወት ጭኗ ላይ ታስቀምጣት ነበር። አንድ ቀን ሕፃኗ የሰማችውን መልሳ ተጫወተችው። እናት ግን አስተማሪ አልቀጠረችላትም። እሷ ራሷ ኖታ ማንበብ ከተማረች በኋላ በጆሮ መጫወት ጠፍቶባት ነበር፤ ልጇም እንዳይደርስባት ፈራች። በምትኩ ሙዚቀኞችን ቤቷ እየጋበዘች ልጇ እንድትሰማቸው አደረገች። ይቺን እናት በጣም ነው የምወዳት። የልጇን ትምህርት ቤት ሳሎኗ ውስጥ ከፈተችው።

ልጅቷም አድጋ ያንኑ ደገመችው። ከአንዲ ከርክ የጃዝ ባንድ ጋር ስሟ ከገነነ በኋላ፣ በ1940ዎቹ ሃርለም ውስጥ ቤት ነበራት። እነ ቴሎኒየስ መንክና ባድ ፓውል ያሉ ወጣት ፒያኖ ተጫዋቾች እየመጡ ፒያኖዋን ይጫወቱ ነበር። በዕድሜ ታናናሾቿ ናቸው። እነሱ የሚጫወቱትን፣ ቢቦፕ የሚባለውን አዲሱን የጃዝ ሙዚቃ አንዳንድ የቀድሞ ሙዚቀኞች ሲያጣጥሉት እሷ በሯን አልዘጋችም። ሰማቻቸው፣ መከረቻቸው፣ እሷም ከእነሱ ተማረች። ያ ቤት አሁን በምሰማው አጨዋወቷ ውስጥ አለ። ሲዘል የነበረው ግራ እጇ ቀስ ይልና እዚህም እዚያም አንድ ኮርድ ጣል ያደርጋል፤ ቀኝ እጇ ደግሞ እንደ ሳክስፎን ረጅም ዜማ ይዞ ይሮጣል።

ታላላቆቿን የጠየቀችው በታናናሾቿ ቋንቋ ጭምር ነው። ዛሬ ደጋግሜ የምሰማትም ለዚህ ነው።

ሽንኩርቱ ቀልቷል፤ በርበሬው ይጨመር። ሙዚቃውንም ከጸሎት ቤቱ ልጀምረው። በሥራ፣ በስደት፣ በሕመም ምክንያት ከቤተሰብ ርቃችሁ የምትውሉ ወዳጆቼ፣ በተለይ እናንተን እያሰብኩ ነው።

መልካም የገና በዓል!