በላኖ ካውንቲ የአደን መሬት ፍለጋ

የመስቀል በዓል እንዳለፈ ከአጎቴ ጋር ከዳላስ ተነስተን፣ በስቲቨንቪልና በላምፓሳስ አድርገን በዚያው በቴክሳስ ግዛት ወዳለችው ላኖ ካውንቲ (አውራጃ) ተጓዝን። የባለ ነጭ ጭራው አጋዘን የአደን ወቅት የሚከፈተው በኖቬምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ስለሆነ፣ የዚያን ጊዜው ጉዟችን የምናድንበትን መሬት ለማግኘት ብቻ ነበር። የአደን ፈቃድ ካርዱን ከመደብር መግዛት ቀላል ነው፤ ከቴክሳስ መሬት 95 በመቶ ያህሉ ግን የግል ይዞታ በመሆኑ ካርዱ ብቻውን የትም አያስገባም።

በግዛቱ ሕግ የዱር እንስሳት የቴክሳስ ሕዝብ ሀብት ናቸው፤ ሆኖም ማንም ሰው የባለመሬቱን ወይም የወኪሉን ፈቃድ ሳያገኝ በሰው መሬት ላይ ማደን አይችልም፤ ይህን መተላለፍም እስከ እስር ያደርሳል። በአገራችን መሬት በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ሲሆን፣ አዳኝ ፈቃድ የሚጠይቀው ከመንግሥት ነው። እዚህ ግን የሚጠየቀው የአንድ ቤተሰብ ደጃፍ ነው።

ከበርኔት በስተ ምዕራብ ያለው መንገድ ቀይ ድንጋይና የወይራ መልክ ያለው ዛፍ የሞላበት ነው። በአንዳንዱ የአጥር ቋሚ ላይ ወደ ታች የተሰመረ ሐምራዊ ቀለም ይታያል፤ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህ ቀለም «መግባት ክልክል ነው» ከሚል ጽሑፍ ጋር እኩል ሕጋዊ ኃይል አለው። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ለማይችል ስደተኛ ይህንን ማወቅ እጅግ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ሐምራዊ ምልክት በሌለበት አንድ ሰፊ ግቢ በር ላይ ከብት ሲጠብቅ ያገኘነው ሰው ጉዳያችንን በመልካም ፊት ከሰማ በኋላ፣ መሬቱን የተከራየው እርሱ እንደሆነ ነግሮን «ግቡ፣ ችግር የለም» አለን። እኔ ልቤ ቀና፤ አጎቴ ግን ወደ መኪናው ወስደው፦ «ልጄ፣ ይህ ሰው የተከራየው ሣሩን ነው ወይስ አደኑንም ጭምር? ይህን ሳናረጋግጥ ጠመንጃ ይዘን አንገባም» አሉኝ። ጥያቄያቸው የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ነበር። የግጦሽ ኪራይና የአደን ኪራይ ሁለት የተለያዩ ውሎች ናቸው፤ ባለመሬቱ ሣሩን ለአንዱ፣ አደኑን ለሌላው ማከራየት ይችላል፤ ውሉ ካልሰጠው በቀር የከብት ተከራይ ለሌላ ሰው አደን የመፍቀድ ሥልጣን የለውም። እኛን በቅንነት የፈቀደልን ሰው ፈቃዱ ግን ከሕግ ፊት ላያድነን ይችል ነበር።

ባለቤቱን ማግኘት አላስቸገረም። የካውንቲው የንብረት ግመታ መሥሪያ ቤት መዝገብ ለማንም ክፍት ነውና፣ መሬቱ ሳን አንቶኒዮ የሚኖሩ አንዲት አዛውንት ከአባታቸው የወረሱት እንደሆነ አወቅን። በተከራዩ በኩል መልእክት ልከንላቸው ራሳቸው ደወሉልን፤ የግጦሹ ውል አደንን እንደማይጨምርና አደኑንም ለማንም እንዳላከራዩ አረጋገጡልን። ኪራዩ በኤከር (በመሬቱ ስፋት) ወይም በአዳኝ ቁጥር ሊታሰብ እንደሚችል አስረድተው፣ ሁለት ሰው ብቻ ስለሆንን በነፍስ ወከፍ እንዲሆን መረጡ። ከዚያም ስማችን፣ የመኪናችን ሰሌዳ፣ የምንገባባቸው ቀናትና የምንቆይበት ምሥራቃዊ ክፍል በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ ሌላ ሰው ይዘን እንዳንመጣም ጠየቁ። አጎቴ ከዚህ ሁሉ ጥብቅነት አንዱንም አልተቃወሙም፤ እኔም በሰው ርስት ላይ መሣሪያ ይዞ ለሚገባ እንግዳ ይህ የሚገባ ክብር እንጂ ጫና ነው ብዬ አላስብም።

ተከራዩም ፈቃዱ ከባለቤቷ በመምጣቱ ቅር አላለውም፤ በኖቬምበር ጥጆቹ የሚውሉበትን ቦታ እየዞረ አሳየን። የለመነን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የተዘጋ በር ዘግተን፣ የተከፈተውን ክፍት ትተን እንድንሄድ፤ ክፍት የሆነው በር ከብቱ ወደ ውኃ የሚያልፍበት ሊሆን ይችላልና። ባለመሬቷ ይህን ሲሰሙ በውሉ መጨረሻ ላይ ጨምረውት ፈረምን።