ያመለጡ ባጎችን መቁጠር፦ በብዙ ቡድኖች መካከል የሶፍትዌር ጥራትን የለካሁበት መንገድ

ብዙ ቡድን ባለበት ድርጅት መጀመሪያ የሠራሁት «ባግ» (የሶፍትዌር ስህተት) የሚለውን ሁሉም በአንድ ዓይነት እንዲመዘግበው ማድረግ ነበር። አንዱ ቡድን ደንበኛ ያመለከተውን ሁሉ ይመዘግባል፤ ሌላው ሲስተሙ ካልቆመ አይመዘግብም። ሁለቱን ቁጥሮች ማወዳደር በታማኝነት የመዘገበውን መቅጣት ነው። የተስማማንበት ፍቺ ይህ ነው፦ ያመለጠ ባግ ማለት ፕሮዳክሽን (ደንበኞች የሚጠቀሙበት ሲስተም) ከገባ በኋላ የተገኘና ኮድ ወይም ኮንፊገሬሽን (የሲስተሙ ቅንብር) ተቀይሮ የተስተካከለ ስህተት ነው። ትኬቱ (የባጉ መዝገብ) የትኛው ሪሊዝ (የወጣ የሶፍትዌር እትም) ስህተቱን እንዳስገባና ቀድሞ ያየው ቴስተር፣ ሞኒተሪንግ (ሲስተሙን በራሱ የሚከታተል መሣሪያ) ወይስ ደንበኛ እንደሆነ ካልያዘ አይዘጋም።

ዋናው መለኪያ ከተገኙት ባጎች ሁሉ ያመለጡት ድርሻ ነው። ሪሊዙ 90 ቀን ሳይሞላው ግን አላሰላውም፤ ባጎች ዘግይተው ስለሚታዩ ትኩስ ሪሊዝ ሁልጊዜ ጥሩ ይመስላል። ከእሱ ጎን ስንት ዲፕሎይመንት (አዲስ ኮድ ወደ ፕሮዳክሽን ማስገባት) ወደ ኋላ እንደተመለሰ ወይም አስቸኳይ ማስተካከያ እንዳስፈለገው እይዛለሁ።

አለቆች በብዛት የሚጠይቁት የኮድ ሽፋንን፣ ማለትም ቴስቶች (ኮዱን በራሳቸው የሚፈትሹ ኮዶች) ያስሮጡትን የኮድ ድርሻ ነው። ሽፋን የሚነግረን ግን መስመሩ መሮጡን እንጂ ውጤቱ በደንብ መፈተሹን አይደለም። የብድር መክፈያ ቀን ለማስላት የጳጉሜን ቀናት የሚቆጥር አንድ መስመር ኮድ እንውሰድ፦ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ 6፣ አለዚያ 5። «የ2014 ጳጉሜ 5 ቀን ናት» የሚል አንድ ቴስት ብቻ ቢኖር የመስመር ሽፋኑ 100 በመቶ ይሆናል። ኮዱን ሆን ብሎ እያበላሸ ቴስቶች ማወቃቸውን የሚያይ ፒት የተባለው የጃቫ መሣሪያ የቀሪውን ስሌት በማባዛት ሲተካው ቴስቱ አሁንም ያልፋል። ኮዱ ተበላሽቷል፣ ያወቀ የለም። ጳጉሜ 6 ቀን የነበራትን 2015ን የሚጠይቅ ሁለተኛ ቴስት ሲጨመር ወዲያው ይወድቃል። ይህ ዓይነቱ ፍተሻ ቀርፋፋ ስለሆነ ቀን ላይ የተነኩትን ፋይሎች ብቻ፣ ሌሊት ሙሉውን አስሮጣለሁ።

ለቆየ ኮድ የሽፋን ገደብ አልጣልኩም። ሶናርኪዩብ (የኮድ ጥራት መመርመሪያ መሣሪያ) በነባሪ ለአዲስ ኮድ ብቻ የሚጠይቀው 80 በመቶ በቂ ነው፤ በቆየው ላይ ከተጣለ ሰው ምንም የማይፈትሽ ቴስት ይጽፋል።

ኮዱ ሳይቀየር አንዴ የሚያልፍ አንዴ የሚወድቅ ቴስት ከዋናው ፓይፕላይን (ቴስቶችን በራሱ ከሚያስሮጠው ሂደት) ወጥቶ ባለቤት ይሰየምለታል፤ በ14 ቀን ካልተስተካከለ ይሰረዛል። ከተተወ ሰው አረንጓዴ እስኪሆን ደጋግሞ ማስሮጥ ይለምዳል፣ እውነተኛው ውድቀትም በዚያው ያልፋል።

እነዚህ ቁጥሮች የግለሰብ የሥራ አፈጻጸም መሙያ ቅጽ ውስጥ እንዳይገቡ አጥብቄ ተከራክሬያለሁ። በገቡ ማግስት ባጎች «የማሻሻያ ጥያቄ» ተብለው ይመዘገባሉ። ይህን ለመከታተል ከባግ ወደ ማሻሻያ የተቀየሩ ትኬቶችን በየወሩ አወጣለሁ፤ ከመካከላቸው ጥቂቱን ከደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞች ጋር ከፍተን እናነባለን፣ ባግ ሆኖ የተገኘውም ወደ ቆጠራው ይመለሳል።