በሌላ ቋንቋ የተነገረ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ልቤ ከብዷል። የጦሳ ተራራ ጉም እስከ እኩለ ቀን ድረስ ከከተማው ላይ አልተነሣም፤ ደሴም በእንዲህ ያለ ቀን ሰውን ከገዛ ሐሳቡ ጋር ቤት ታስቀምጣለች። ለፊታችን ቅዳሜ የእንግሊዝኛ ንግግር ክፍለ ጊዜ የመወያያ ርዕስ ልመርጥ ደብተሬን ከፍቼ ነበር፤ ሆኖም ርዕሶቹ ከየት እንደሚመጡና ለማን ተብለው እንደሚዘጋጁ ማሰብ ስጀምር ምርጫው ተረሳ።

ለቋንቋ ተማሪዎች የሚዘጋጁ መጻሕፍት ስለ ዓለም ወቅታዊ ጉዳዮች የሚያወሩ ምዕራፎች አሏቸው። የአየር ንብረት ለውጥ፣ ስደት፣ ረሃብ፣ ጦርነት እየተባለ በፎቶግራፍ ታጅቦ ይቀርብና «ስለ ድርቅ ምን ሰምተሃል?»፣ «አገርህ ስደተኞችን እንዴት ልትቀበል ይገባል?» የሚሉ ጥያቄዎች ይከተላሉ። ጥያቄዎቹ ነገሩን ከዜና ለሚያውቅ ሰው የተጻፉ ናቸው። ይህንኑ ከባቲ፣ ከቆቦ፣ ከቃሉና ከመርሳ ለመጡ ልጆች አንብቤ ስጨርስ ክፍሉ ዝም ይላል። ዝምታውን የቋንቋ እጥረት ነው ብለው የሚያልፉ ባልደረቦች አሉኝ፤ እኔ ግን ይህን አልቀበልም። ልጆቹ የሚያውቁትን የሚጠይቃቸው አላገኙም።

ስለ አየር ንብረት ለውጥ በተወያየንበት ቀን ትርጓሜውን ከመጠየቅ ይልቅ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ አንበጣ ሲወርድ ማን እንዳየ ጠየቅሁ። ከቆቦ በኩል የመጣው ልጅ ተነሣ። ማሽላው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መንጋው ፀሐይዋን ከልሎ እንደመጣ፣ አባቱ ጅራፍ ሲያጮኽ፣ እናቱ ነጠላዋን ስታራግብ እሱ ባዶ ጀሪካን ሲደበድብ እንደዋለ፣ ሲበሉ የሚሰማውም ድምፅ ጭድ ላይ የተለቀቀ እሳት እንደሚመስል በተሰባበረ እንግሊዝኛ ተናገረ፤ ቃል ያጠረው ቦታ ላይ በእጁ ጅራፉን እያወናጨፈ ጨረሰው። እኔም በሰሌዳው ላይ ባሕሩን፣ በረሃውን፣ የመንንና ቆቦን ሥዬ በቀስት አያያዝኳቸው። በግንቦት 2010 እና በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከሕንድ ውቅያኖስ የተነሡ ሁለት አውሎ ነፋሶች ሩብ አል ኻሊ የሚባለውን የዓረቢያ በረሃ አርሰውት ነበር፤ አንበጣው ሰው በማይደርስበት በዚያ አሸዋ ውስጥ ተራባ፣ በጦርነት ላይ በነበረችው በየመንም እንደሚገባ የሚከላከለው ሳያገኝ ተሻገረ፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ውቅያኖሱ ከወትሮው በላይ ሞቆ በምሥራቅ አፍሪካ ያዘነበው ከባድ ዝናብ ተቀበለው። አንድ ኪሎ ሜትር ካሬ የሚሸፍን መንጋ በአንድ ቀን የሚበላው 35,000 ሰው የሚበላውን ያህል እንደሆነ ስነግራቸው የቆቦው ልጅ አልተደነቀም፤ ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ግን «ታዲያ የኛ ኃጢአት አልነበረም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። አያቷ የፈጣሪ ቁጣ ነው ብለው ለቀናት ጾመው ነበር። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም የሰሙትን እያነሡ፣ ምክንያትና ውጤትን የሚያያይዙትን ቃላት ሁሉ እየተጠቀሙ ሰዓቱ እስኪያልቅ ተከራከሩ። እኔ በፈጣሪ ሥራ ላይ ዳኛ ልሆን አልሻም። ነገር ግን ባሕሩን በማሞቅ ረገድ እዚህ ግባ የሚባል ድርሻ የሌለው ገበሬ ለጠፋው ማሽላው ራሱን ብቻ ሲወቅስ መኖሩ ያመኛል፤ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ይህን መጠየቅ መጀመሯም ትልቅ ነገር ሆኖ ይታየኛል።

ወሎ በሌሎች ሰዎች የመማሪያ ክፍል ውስጥ ቆይታለች። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከኮረም ያሳየው የረሃቡ ፊልም ዓለምን ዞረ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 6 ቀን በለንደንና በፊላደልፊያ በአንድ ጊዜ ታላቅ የሙዚቃ ድግስ ተደርጎ ገንዘብ ተሰበሰበ። የሩቅ አገር ልጆች የእኛን ፎቶግራፍ እያዩ ተወያይተዋል። እናቴ ግን ያን ጊዜ ኮረዳ የነበረች ሆና ሳለ ስለ ሰባ ሰባት አፍ አውጥታ ነግራኝ አታውቅም። ቡና ላይ «ክፉ ቀን» ትልና ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል። ልጅ ሳለሁ አጥብቄ ብጠይቃት «ተይኝ ልጄ» አለችኝ፤ ተውኳት።

እንግዲህ ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ የባቲዋ ልጅ ነገር ነው። ስለ ስደት ስንነጋገር ማንም ሳይጠራት ብድግ አለችና በእንግሊዝኛ «ወንድሜ በጅቡቲዋ ኦቦክ በኩል ሄደ። ከየመን ደወለልን። ከዚያ በኋላ አልደወለም» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የሰብአዊ መብት ድርጅቱ ሂዩማን ራይትስ ዎች የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን የሚሻገሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን እንደገደሉ ይፋ ያደረገውን ሪፖርት አንብቤው ስለነበር መቆም አቃተኝ። እሷ ግን ወደ እኔ ዞራ «ቲቸር፣ ልክ ነኝ?» አለች፤ የኃላፊ ጊዜ ግሱን ማለቷ ነበር። «ልክ ነሽ» አልኳት። ክፍሉ ምን እንደሚደረግ አላወቀም፤ በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ተነሥቶ ያባብላት ነበር። በመጨረሻ ከጎኗ ያለው ልጅ ዝቅ ባለ ድምፅ «አብሽሪ» አላት፤ ያኔ በሻርፗ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

ቤታቸው ውስጥ ስሙ እንደማይነሣ ኋላ ከጓደኛዋ ሰማሁ። መርዶ ስላልመጣ ለቅሶ አልተቀመጡም፤ እናቷም ሥራ በዝቶበት ነው ለሚሏት ሁሉ አሜን ትላለች። ስለዚህ ልጅቷ ለቤተሰቧ ያልተናገረችውን ነገር የተናገረችው እናቷ በማትሰማው ቋንቋ፣ በእኔ ክፍል ውስጥ ነው። እንግሊዝኛው የሰጣት ርቀት እናቴ ዕድሜ ልኳን ያጣችው መተንፈሻ ይሆን? ወይስ ኀዘኑን ከባለቤቶቹ ወስዶ የቋንቋ ልምምድ አድርጎት ይሆን? አንዳንዴ የመጀመሪያው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሌላ ጊዜ ያ «ልክ ነኝ?» የሚለው ጥያቄዋ ጆሮዬ ላይ ይመጣና እምነቴ ይከዳኛል።

እናቷ ሰኞ ገበያ ስትመጣ አንዳንድ ጊዜ በትምህርት ቤቱ በር ታልፋለች። አንድ ቀን ጎራ ብላ «ልጄ እናንተ ጋ ምን ትላለች?» ብትለኝ፣ ምን ብዬ ነው የምመልስላት?