ሆ ጫካ ውስጥ ያደረችው የእንጨት ጎጆ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ዝናቡ ጣሪያችንን ይደበድባል። እጄን ወደ ላይ ስዘረጋ ጣሪያው በውስጥ በኩል ረጥቧል። ልቤ ድንግጥ አለ። አምስት ወር ሙሉ ጋራዥ ውስጥ የለፋንባት፣ መኪና የሚጎትታት የመኝታ ተጎታች ገና በመጀመሪያ ጉዞዋ ውሃ አስገባች ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ታፈሳለች» አልኩ።

«ሲነጋ እናያለን። ተኛ» አሉኝና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ጋሼ የእናቴ ወንድም ናቸው። አዲስ አበባ ዕድሜያቸውን በአናጢነት ነው የኖሩት። ሲያትል እኔ ዘንድ ከመጡ ሦስት ዓመታቸው ነው። ተጎታቿን አብረን ነው የሠራናት። ቅርጿ የእንባ ጠብታ ይመስላል፤ ፊቷ ሞላ ያለ፣ ጀርባዋ እየቀጠነ የሚወርድ። አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ በየቤታቸው ሲሠሩት ኖረዋል። ውስጧ ሁለት ሰው ብቻ ያስተኛል። ወጥ ቤቱ ከኋላ ነው። ክዳኑን ወደ ላይ ስትከፍቱት የጋዝ ምድጃና መደርደሪያ ታገኛላችሁ።

ወለሏ አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ ነው፤ 1.22 በ2.44 ሜትር። ግድግዳዋ 19 ሚሊ፣ ጣሪያዋ ባለ 3 ሚሊ ድርብ። ቀጭኑ ኮምፔንሳቶ እንዲጎብጥልን ፎጣ በሙቅ ውሃ እየነከርን አለበስነው፤ ከዚያ ቀስ እያልን ተጫንነው።

«እንጨት ውሃ የሚጠጣው በአፉ ነው» ይላሉ ጋሼ። አፉ የሚሉት የተቆረጠውን ጠርዝ ነው። ኮምፔንሳቶ ፊቱ ላይ ውሃ ብታፈሱበት ቶሎ አይገባም። ጠርዙ ግን እንደ ሶፍት ይመጠዋል። ስለዚህ ጠርዙን በሙሉ ኢፖክሲ፣ ማለትም ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠጥር ሙጫ፣ ሦስት ጊዜ አጠጣነው። የምንቀባውም ወደ ማታ ነበር። ጠዋት ከቀባችሁ ቀኑ እየሞቀ ሲሄድ እንጨቱ ውስጥ ያለው አየር ይሰፋና ቅቡን በስቶ ይወጣል። ያ አረፋ ሲፈነዳ ቀዳዳ ይተዋል። አየሩ እየበረደ ሲሄድ ግን እንጨቱ ኢፖክሲውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። እኔ ይህን የተማርኩት አንድ ሙሉ ግድግዳ በብርጭቆ ወረቀት እንደገና ከፋቅሁ በኋላ ነው። ኢፖክሲ ደግሞ ፀሐይ አይወድም፤ ላዩን ፀሐይ በሚከላከል ቫርኒሽ መሸፈን ግድ ነው።

ግንቦት ላይ ከሲያትል በፌሪ ወደ ቤይንብሪጅ ደሴት ተሻገርን። ከዚያ ውሃ ላይ በተንሳፈፈው የሁድ ካናል ድልድይ አልፈን 101 መንገድን ያዝን። ክሬሰንት ሐይቅ ዳር መንገዱ ጠባብና ጠማማ ነው፤ ተራራው በአንድ በኩል፣ ሰማያዊው ውሃ በሌላው። ጋሼ መስታወቱን አውርደው ተጎታቿን ዞር እያሉ ያዩዋት ነበር፤ ልጅ አዝለው እንደሚሄዱ። የፎርክስን ከተማ አልፈን ሲመሽ ኦሎምፒክ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው ሆ ጫካ ገባን። ይህ ጫካ በዓመት ከ3 ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል፤ የአዲስ አበባን ሦስት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ዛፉ ሁሉ ከሥር እስከ ቅርንጫፉ አረንጓዴ ሽበት ለብሶ ይንዠረገጋል። የሠራነውን ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ቦታ አልታየኝም።

ሲነጋ ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ጣሪያውን በጣታቸው ዳሰሱት። ከራስጌ እስከ ግርጌ፣ ቀስ ብለው።

«ፍሳሽ መንገድ አለው። ከአንድ ቦታ ተነስቶ ነው የሚወርደው። ይሄ ግን ሁሉም ጋ እኩል ነው። ትንፋሻችን ነው።»

እውነታቸውን ነው። ብርዱን ፈርቼ ሁለቱንም መስኮትና የጣሪያውን መተንፈሻ ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ ነበር። ሁለት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ ያ ሁሉ እርጥበት መሄጃ ሲያጣ ቀዝቃዛው ጣሪያ ላይ ጤዛ ይሆናል። በማግስቱ ሌሊት መተንፈሻውን ሁለት ጣት ያህል ከፈትን። ጣሪያው ደርቆ አደረ።

ጋሼ ግን በዚህ አላበቁም። ሶፍት እያጣጠፉ በየመገጣጠሚያው ሥር ሻጥ ሻጥ አደረጉ። ሲነጋ አንዱ ብቻ ረጥቧል፤ የኋላው ክዳን ማጠፊያ ሥር ያለው። እዚያ ብሎኖቹን የመታሁት እኔ ነኝ፤ ቸኩዬ በቀጥታ እንጨቱ ላይ። ብሎን የገባበት ቀዳዳ ዙሪያውን አፍ ነው። ያን ሁሉ ጠርዝ ስናጠጣ ከርመን አሥራ ሁለት አፍ ከፍቼ ትቻለሁ።

ቤት እንደገባን ማጠፊያውን ፈታነው። ቀዳዳዎቹን በትራፓኖ ሰፋ አድርገን በኢፖክሲ ሞላናቸው። ሲደርቅ መሀል ለመሀል በቀጭኑ ደግመን በሳን። አሁን ብሎኑ የሚነክሰው ኢፖክሲውን ነው፤ እንጨቱን አይነካም። ከማጠፊያው ሥርም ቡቲል የሚሉትን የማይደርቅ ተለጣፊ አነጠፍን። ሥራው አንድ ቅዳሜና እሑድ ፈጀ። ከመጀመሪያው ብናደርገው አንድ ሰዓት ነበር።

ጥቅምት ላይ ተመለስን፤ እዚያው ሆ፣ እዚያው ወንዙ ዳር። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ማለዳ ስነሳ ጋሼ ቀድመውኝ ክዳኑን ከፍተው ጀበናውን ጥደዋል። የቡናው ሽታ ከእርጥብ ጫካው ሽታ ጋር ተቀላቅሏል። ሶፍቱን ከማጠፊያው ሥር መዘው በሁለት ጣታቸው አሹት። ደረቅ ነው። ሲኒውን ወለወሉበትና ቡናዬን ቀዱልኝ።