ከታጁራ ወዲያ

ባለቤቴ ስንት ዓመት ሙሉ ተሳቢ ሲነዳ ኖሯል። ጅቡቲን በእንቅልፍ ልቡ ያውቃታል፤ የሚያውቃት ግን ከድንበሩ ከጋላፊ እስከ ወደቡ ነው፣ እሱንም ወረፋ ላይ ሆኖ። መኪናውን ሸጦ ድሬ ከተቀመጠ ወዲህ "የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ማዶ ሳላየው ቀረሁ" እያለ ሲቆጭ "ታዲያ ማን ያዘህ? እንሂዳ!" አልኩት። የሄድነው በግንቦት ነው። በግንቦት ሙቀት ሥራ ካላስገደደው በቀር ሰው ጅቡቲ አይሄድም።

ከተማው ላይ ፒካፕ ተከራየን። ወዓን አልፈን የኛ አገር ቦቴዎች ወደ ጋላፊ ሲቀጥሉ እኛ ወደ ቀኝ ታጠፍን፤ መንገዱ ወዲያው ጭር አለ። አሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ገደማ ነው፤ በአፍሪካ ከሱ የሚዘቅጥ ምድር የለም። ልወርድ ስል የበሩ ብረት ጣቴን ለበለበኝ። ዳርቻው ሙሉ ነጭ ጨው ነው፤ ስረግጠው እየተሰባበረ ይንኮሻኮሻል፣ ውሃው የነካው እግሬም ወዲያው ደርቆ ነጭ ሆነ። አፋሮች በግመል እየጫኑ ወደ ሸዋ የሚያወጡት ጨው ከዚህ ነበር። በሐይቁና በባሕሩ መካከል ደግሞ በ1978 እ.ኤ.አ. የፈነዳው አርዱኮባ የሚባል እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ተዘርግቷል። ባለቤቴ አንድ የአፋር ሽማግሌ አግኝቶ፣ በሚሌና በሰመራ መንገድ በለቃቀማት አፋርኛ ዳጉ፣ የአፋሮችን የወሬ ልውውጥ፣ ሲለዋወጥ እኔ መኪናው ጥላ ሥር ቀለጥኩ። ዳጉ ደግሞ ቶሎ አያልቅም።

ታጁራ ነጫጭ ቤቶችና መስጊዶች ያሏት ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ማታ የበላነው ዓሣ በየመን አሠራር ከጀርባው ተሰንጥቆ፣ ቅመም ተቀብቶ፣ የሸክላ ምድጃ ውስጥ የተጠበሰ ነው። ትኩስ ቂጣ አብሮ ይመጣል፤ በእጅ ነው የሚበላው። ለሱ ብቻ ብመለስ አይቆጨኝም። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ይዞ ከ1885 መጨረሻ እስከ 1886 እ.ኤ.አ. መኸር ድረስ ተጎልቶ የከረመው እዚችው ከተማ ነው፤ ፈቃዱም ግመሉም አልሳካ ብሎት። ይህን ስነግረው ባለቤቴ ከት ብሎ ሳቀ። "ዲመሬጅ፣ ዕቃ ሲዘገይ የሚከፈለው ቅጣት፣ ያልተፈጠረለት ነጋዴ!"

ወደ ኦቦክ ስንሄድ ግን ጨዋታው ቆመ። በስተቀኝ ባሕሩ፣ በስተግራ ድንጋይና አልፎ አልፎ ግራር። በመንገዱ ዳር ልጆች ይሄዳሉ፤ ሦስት አራት ሆነው፣ በነጠላ ጫማ፣ ባዶ ሃይላንድ አንጠልጥለው። አንዱ እጁን አነሳና "ቢሻን" አለ። ውሃ አወጣን። ከሐረርጌ ናቸው፣ ከጅማም አለበት፤ በጀልባ የመን፣ ከዚያ ሳውዲ። ትልቁ ሃያ አይሞላውም።

"እናቴ፣ ኦቦክ ሩቅ ነው?"

"ሩቅ ነው ልጄ። የመን ጦርነት እንዳለ ታውቃላችሁ?"

"እናውቃለን" አለ፣ አስፋልቱን እያየ። ልጫናቸው ብል በሰው አዘዋዋሪነት እንደምንያዝ ባለቤቴ ያውቃል፤ የሾፌር ነገር፣ ስንት ሰው በዚህ ሲታሰር አይቷል። ቴምሩንም ሰጥተናቸው ሄድን። እስከ ኦቦክ ድረስ አልተነጋገርንም።

ኦቦክን ፈረንሳይ በ1862 እ.ኤ.አ. ከአፋር ባላባቶች በማርትሬዛ ብር ገዝታ ነው በዚህ አገር የጀመረችው፤ ኋላ ዋና ከተማውን ወደ ጅቡቲ ስታዞር ኦቦክ ተረሳች። አሁን የሚያውቋት ዓሣ አጥማጆችና የኛ ልጆች ናቸው። የሚሻገሩት ብቻም አይደሉም፤ ከየመን ተመልሰው በመጡበት እግር ወደ አገር የሚሄዱም አሉ።

በማግስቱ የራስ ቢርን መብራት ቤት አየን፤ ሙቀቱ አላስቆመንም። ለመልስ መንገድ ትልልቁን ሃይላንድ በካርቶን ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ በተሰባበረ አማርኛ "ለምትጠጡት ነው ለመንገደኞቹ?" አለኝ። ለሁለቱም አልኩት። ትልቁን መልሶ ትንንሹን አወጣልኝ፤ "ትልቁ ሲሄዱ ይከብዳቸዋል፣ ይጥሉታል።"